ለማኞች አይደለንም፤ ከዳንግላ አዘና በብስክሌት

አዘናን አይተህ የማታውቅ፣ ወደፊትም ለማየት የማታስብ አንባቢ ሆይ፣ ይህን የጻፍሁት ለአንተ ነው። አገሩን የሚያውቅ ሰው ባያነበው እመርጣለሁ፤ መንገዱን ትቶ እኔን ይታዘባልና። የሚያሳፍረኝን አልዘለልሁም፤ ብዘለው ኖሮ ጽሑፉ አንድ ገጽ አይሞላም ነበር።

እኔ በዳንግላ ገበያ ዳር፣ በረንዳ ላይ ልብስ የምሰፋ ሰው ነኝ። ታደገ ይሉኛል። ተማሪ ሆኜ የመንግሥት ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥሁም፤ ማንበብና መጻፍን ያገኘሁት ከራሴ ጋር እየተጣላሁ ነው። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ የስፌት መኪና ፔዳል ረግጫለሁ፤ በዚያ ሁሉ ርግጫ ከበረንዳዬ አንድ ክንድ ፈቀቅ አላልሁም።

ነገሩ የተጀመረው በጣራ ነው። ልጄ ጥሩወርቅ አራተኛ ክፍል ናት። የእርሷ ክፍል ሴቶች ልጆች የሚማሩት ዋርካ ሥር ነበር። ወላጆች ተባብረን የአንድ ክፍል ግድግዳ አቆምን፤ ጭቃውም ተመረገ፤ ጣራው ግን ቀረ። «ዝናቡ ከጀመረ ሴቶቹ ወደየቤታቸው ይሂዱ፤ ለከርሞ እናያለን» ተባለ። ለከርሞ የሚባለው ነገር ለወንድ ልጅ አንድ ዓመት ነው፤ ለሴት ልጅ ግን ባል ነው። ለጥሩወርቅም ከጥር ጀምሮ ሽማግሌ ተልኮብኝ ነበር። «ትምህርቷ ሲያበቃ» ብዬ መለስሁ። ሽማግሌ የላከብኝ የልጁ አባት ብልህ ሰው ነው። በበረንዳዬ ሲያልፍ ሰላምታ ከመስጠቱ በፊት ቀና ብሎ ደመናውን ያያል።

ዲሬክተሩ አቶ ጌታሁን ከአዲስ አበባ የመጣ ወጣት ነው። በውጭ አገር ሰዎች ለበጎ ሥራ ብስክሌት እየነዱ አገር ያዳርሳሉ፣ ሕዝቡም ይረዳቸዋል የሚል ነገር ከመጽሔት አንብቦ ወላጆችን ሰበሰበ።

«ሕዝቡ ለምን ይረዳቸዋል?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ሲደክሙ አይቶ ነዋ፣ አቶ ታደገ።»

«የደከመ የሚረዳ ቢሆን የዳንግላ ጋሪ ፈረሶች ይህን ጊዜ ባለ ቆርቆሮ ቤት ነበሩ» አልሁ። ተሳቀ። ከሳቁ በኋላ ግን ሌላ ሐሳብ ያለው ሰው ጠፋ፤ ስለዚህ ከዳንግላ እስከ አዘና እንድንነዳ ተወሰነ። እኔም እሄዳለሁ አልሁ፤ ግን በአንድ ስምምነት። «ስጡን» የሚል ቃል ከማናችንም አፍ እንዳይወጣ። «የእኔ ቤተሰብ እጁን ለማንም ዘርግቶ አያውቅም» ብዬ በጉባኤ ተናገርሁ። ይህን ቃል አንባቢ ያቆይልኝ።

ሦስት ካኪ ሸሚዞች ቆረጥሁ። በጀርባቸው ላይ በቀይ ክር፣ ከሩቅ በሚታይ ፊደል «ለማኞች አይደለንም።» ብዬ ሰፋሁ። አራት ነጥቡንም አልረሳሁም። ጥሩወርቅ አራት ነጥብ በረሳች ቁጥር ገጹን እንደገና አስጽፋታለሁ። ያልተዘጋ ዓረፍተ ነገር ያልተዘጋ በር ነው፤ ውሻ ይገባበታል።

የመጀመሪያው ቀን፦ ከዳንግላ አዲስ ቅዳም

የትንሣኤ ሳምንት ካለፈ በኋላ ባለው ሰኞ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ልንነሳ ነበር። ሦስት ነን፤ እኔ፣ ዲሬክተሩና ብስክሌት የሚያከራየውና የሚጠግነው ቢምረው። ቢምረው የአዘና አገር አገው ነው። አርባ ዓመት ሞልቶታል፤ ቁም ነገር ሲናገር ሰምቼው አላውቅም ነበር።

አንድ ሹም ሊሸኘን መጥቶ ንግግር ጀመረ። ንግግሩ የተነሳው ከመንኰራኩር አፈጣጠር ነበር። አምስት ሰዓት ሲሆን ገና ወደ እኛ ዘመን አልደረሰም። በመጨረሻ የተወጠረ ጥብጣብ በመቀስ ቆረጠ፤ ጥብጣቡም መቀሱም የእኔ ነበሩ። በሰያፍ ነው የቆረጠው። የቆረጠው ሱሪ ባለመሆኑ ፈጣሪን አመሰገንሁ።

ከከተማ ሳንወጣ ሁለት ጊዜ ወደቅሁ። የስፌት መኪና ብትተወው ይቆማል፤ ብስክሌት ብትተወው ይወድቃል። ይህን ልዩነት በጉልበቴ ተማርሁ። ጠጠሩ ላይ ስንፍጨረጨር አንድ ጋሪ ከኋላችን ደረሰ። ባለ ጋሪውን አውቀዋለሁ፤ ኮቱን ሁለት ጊዜ ገልብጬ ሰፍቼለታለሁ።

«አያ ታደገ፣ ይሳፈሩ እንጂ!»

«አይሆንም፤ የምንነዳው ለበጎ ሥራ ነው።»

«እኔስ? እኚህን እናት ልጃቸው አራስ ቤት ማድረሴ ምን ሊባል ነው?» ብሎ ፈረሱን ቸብ አደረገና አቧራ አልብሶን አለፈ። እናትዮዋ ዶሮዎቻቸውን እንዳቀፉ ዞር ብለው «አይዟችሁ፣ ልጆቼ» አሉን። ጋሪው በፍጥነትም በበጎ ሥራም በልጦን ሄደ።

አዲስ ቅዳም የደረስነው ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ነው። እንደ ዳንግላ ትልቅ ከተማ አይደለም፤ ነገር ግን በዳንግላ እንግዳ ሲመጣ በመጀመሪያ «ከማን ወገን ነው?» ይባላል፣ እዚህ በመጀመሪያ የእግር ውኃ ይቀርባል። የተቀበሉን ቀኛዝማች አድማሱ የሚባሉ ሽማግሌ ባላባት ናቸው። ዓይናቸው ስለደከመ አንድ መሪጌታ ጠርተው «እስቲ ጀርባቸው ላይ ያለውን አንብብልኝ» አሉ።

መሪጌታው እንደ ወንጌል ድምፁን ከፍ አድርጎ «ለማኞች አይደለንም!» ሲል አነበበ።

«ድገመው» አሉ ቀኛዝማች። ደገመው። «እሰይ! እንግዲያው እንግዶች ናቸው። ሙክቱ ይታረድ!»

ያን ምሽት የበላነውን ሥጋ ልንገርህ ብል ኃጢአት ይሆንብኛል። የዳንግላ ጠላ ጥሩ ነው እንል ነበር፤ የቀኛዝማች ቤት ጠላ ግን የእኛን የድስት እጣቢ አስመሰለው። ከእራት በኋላ ዲሬክተሩ ተነስቶ ንግግር አደረገ። ስለ ዕውቀት ብርሃን፣ ስለ ዘመናዊ ሥልጣኔ፣ ስለ መጪው ትውልድ ተናገረ። ስለ ጣራ አንድ ቃል አልተናገረም፤ ውል ገብቷልና። ሰው ሁሉ ራሱን እየነቀነቀ ሰማ፣ መጨረሻ ላይም አጨበጨበ።

በማግስቱ ስንሰናበት ቀኛዝማች እጄን ይዘው ዕንባ አቀረሩ። «በዚህ ደጅ ገብቶ አንድ ነገር ሳይለምን የወጣ ሰው ከአባቴ ዘመን ጀምሮ አላየሁም። ስምህን ለልጆቼ አስተምራለሁ» አሉኝ። ደረቴ ሸሚዙን ሊቀድ ደረሰ።

ከግቢው ስንወጣ ዲሬክተሩ ቀስ ብሎ «ምርቃት ጣራ ይሆናል እንዴ?» አለ። ብስክሌቴ ላይ ወጣሁ። የተከበረ ሰው ለትንሽ ጊዜ ይደነቁራል።

ሁለተኛው ቀን፦ ወደ ኮሶበር

ወደ እንጅባራ፣ ሰዉ ኮሶበር ወደሚላት ከተማ፣ መንገዱ ይወጣል እንጂ አይወርድም። ብርዱም እየተከተለ ይወጣል። መንገድ አጋማሽ ላይ የእኔ ብስክሌት የኋላ ጎማ ተንፍሶ ቁጭ አለ። ቢምረው የጎማውን የውስጥ ላስቲክ፣ ከመነዳሪውን፣ አውጥቶ አንዲት የእሾህ ቀዳዳ አሳየኝና ማስቲሽ ለመፈለግ ወደ ከረጢቱ ዞረ።

እዚህ ላይ የሠራሁትን አልደብቅም። እኔ የመርፌ ሰው ነኝ፤ ቀዳዳ አይቼ ዝም ማለት አልችልም። ቢምረው እስኪመለስ መርፌና ክር አውጥቼ ቀዳዳዋን በሚገባ፣ በጥንድ ስፌት ሰፋኋት።

ቢምረው ተመልሶ ስፌቴን አየ። ከዚያ ከመነዳሪውን ወደ ሰማይ አንስቶ በብርሃን አየው።

«አያ ታደገ» አለ፣ «አንድ ቀዳዳ ነበረው። አሁን ወንፊት ሆኗል። ጤፍ ይነፉበት።»

ማስቲሹ ለዚያ ሁሉ አልበቃም። በመጨረሻ ከመንገድ ዳር ሣር አጭደን ጎማውን ጠቀጠቅነው። በዚያ ስታልፍ የነበረች አንዲት ሴት ቆማ አየችንና ለጓደኛዋ «ይኸው፣ ፈረስ ነው ብዬሽ አልነበር? ሣር ያበሉታል» አለቻት።

በሣር ጎማ ላይ ተቀምጦ ኮሶበር የገባ ሰው ስለ መቀመጫው ባይናገር ይሻላል። ከተማዋ ላይ ጉም ተኝቶ ነበር። የኮሶበር ሰው «ዛሬስ ሞቅ ብሏል» የሚለው ሁለት ጋቢ ደርቦ ነው። ከጉሙም ጋር ካፊያ ጣል ጣል ማለት ጀመረ። በዳንግላ ካፊያ ሲጥል ልብስ የማስገባው እኔ ነበርሁ፤ እዚህ ግን ልቤ ወደ ዋርካው ሄደ፤ ያ ሽማግሌ የላከብኝ ሰውዬ ይህን ጊዜ ቀና ብሎ እያየ ይሆን?

ያደርነው እትዬ ማንጠግቦሽ የሚባሉ ሴት ማደሪያ ቤት ነው። ትኩስ ድንች በአዋዜ አቀረቡልን። እዚህ ያለው ድንች እንደ እኛ ገበያ ድንች ውኃ የጠጣ አይደለም፤ አፍ ውስጥ ይፈርሳል። ስንበላ ሴትዮዋ ዙሪያችንን ዞረው ጀርባችንን አዩ። ማንበብ ባይችሉም ወሬው ቀድሞን ደርሷል።

«ለማኝ አይደላችሁም አሉኝ።»

«አይደለንም፣ እትዬ» አልሁ ቀና ብዬ።

«ነጋዴም አይደላችሁም። ቀራጭም አትመስሉም። ታዲያ ምን ልትሆኑ መጣችሁ?»

ዲሬክተሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «ሕዝቡን ለማንቃት ነው፣ እትዬ።»

«ለማንቃትማ ዶሮ አለን» አሉና ድንች ጨመሩለት።

በበነጋው የማደሪያ ዋጋ አልቀበልም አሉ። «ለማኝ ያልሆነ ሰው ብርቅ ነው፤ ብርቅ አላስከፍልም።» እንደገና በምርቃት ብቻ ወጣን። ዲሬክተሩ የዘንገናን ሐይቅ አይተን እንሂድ ብሎ ለመነኝ። ፈቀድሁ፤ አየነው። ክብ ነው፤ ውኃ አለበት። ከዚህ በላይ የሚፈልግ ሰው ራሱ ይሂድ፤ እኔ ያን ቀን ዓይኔ ያለው ደመናው ላይ ነበር።

ሦስተኛው ቀን፦ ብስክሌት ተሸክሞ ወደ አዘና

ከኮሶበር ወደ አዘና የሚወስደው ለፈረስና ለእግረኛ የተሠራ መንገድ ነው። በካፊያው ጭቃ ሆኗል። ጥቂት እንደሄድን ጭቃው ጎማውን ያዘው፤ ከዚያ በኋላ እኛ ብስክሌቶቹን ተሸከምናቸው። የአገው አገር የፈረስ አገር ነው። ወንዱ ሁሉ በተሸለመ ፈረስ ላይ ሆኖ ሽው እያለ ያልፈናል። አንድ ሽበታም ፈረሰኛ ግን ልጓሙን ሳበና በእኛ አማርኛ ጠየቀኝ፦

«ታሟል ወይ?»

«ማን?»

«የተሸከምኸው።»

«አልታመመም። ብስክሌት ነው። ሰው የሚሸከም ነው።»

ሽማግሌው እኔን አየ፣ ትከሻዬ ላይ ያለውን ብረት አየ፣ ቀስ ብሎም «ተራ በተራ ነው ማለት ነው» ብሎ ሄደ። ቢምረው ጭቃው ላይ ቁጭ ብሎ ሳቀ።

አዘና የተቀበለን የቢምረው አጎት አቶ ዋሴ ነው። ቤቱ በቀርከሃ ተከቧል፤ ወንበሩ ቀርከሃ፣ አልጋው ቀርከሃ፣ አጥሩ ቀርከሃ። ጓሮው ደግሞ እንደ ጫካ ነው። ብስክሌቶቻችንን ከበግ ማደሪያው አጥር አስደግፈን ገባን። ግብጦ ቀረበልን። የዳንግላ ሰው ግብጦን ሁለት ቀን ነክሮ ይቸኩላል፤ እዚህ ምንጭ ውስጥ ሳምንት ያህል ይሰነብታል፤ መራራነቱን ውኃው ወስዶታል። በሦስተኛ ቀናችን ሁለተኛ በግ ታረደልን።

ቤተሰቡ የሚነጋገረው በአገው ቋንቋ፣ በአውንግኛ ነው። እዚህ ላይ አንድ ኀፍረት ልጻፍ። አሥራ ስምንት ዓመት ዳንግላ ስኖር ደንበኞቼ በአውንግኛ ሲያወሩ አንድ ቀን እንኳ ምን አሉ ብዬ አልጠየቅሁም። እነርሱ የእኔን ቋንቋ ተምረው ሱሪ አዘዙኝ፤ እኔ የእነርሱን ወገብ ብቻ ለካሁ።

ከእራት በኋላ አቶ ዋሴ ለቢምረው ረጅም ነገር ነገረው። ቢምረው እየሰማ መሬት መሬት አየ። ምን አለህ አልሁት።

«ተዉት፣ አያ ታደገ።»

«ንገረኝ ብያለሁ!»

ቢምረው የመጀመሪያውን ቁም ነገሩን ያን ምሽት ተናገረ። «አጎቴ የሚለው እንዲህ ነው። ለልጆች ትምህርት ቤት ጣራ እንደጠፋ ከገበያተኛ ሰምቻለሁ፤ ጓሮዬም እንደምታየው ነው። ነገር ግን 'ለማኝ አይደለሁም' ብሎ ጀርባው ላይ የጻፈን ሰው፣ እንካ ብለው ሰደብሁት ማለት ነው። እንግዳዬን በቤቴ አልሰድብም። በግ አርጄ እሸኘዋለሁ ይላል።» ትንሽ ቆይቶ ጨመረበት። «በየደረስንበት እንዲሁ ነው፣ አያ ታደገ። ሰው እጁን አልሰበሰበም። የዘጋው የእኛ ጀርባ ነው። ጣራውንማ ከበጉ ጋር በላነው።»

አቶ ዋሴ ወደ እኔ ዞረ። ከዚያ በአማርኛ፣ ቃል በቃል እየመረጠ ተናገረኝ። «ወንድሜ፣ የጎደለው ሰው ደጅ ቆሞ የማርያምን ስም ይጠራል። ያልጎደለው ይበላል፣ ይመርቃል፣ ይሄዳል። አንተ የትኛው ነህ?»



አራተኛው ቀን፦ የአዘና ገበያ

ከዚህ በላይ «የእኔ ቤተሰብ እጁን ለማንም ዘርግቶ አያውቅም» ያልሁትን አንባቢ ያስታውሳል። ውሸት ነው።

አሥራ አንድ ዓመት ሲሆነኝ አባቴ ዜማ እንድማር የኔታ ዘንድ ሰደደኝ። እንደ ማንኛውም የቆሎ ተማሪ አኩፋዳ አንግቤ፣ ከደጅ ደጅ እየዞርሁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ስል፣ ስለ ማርያም ስም ብላችሁ እያልሁ ስበላ፣ አንድ ዓመት ኖርሁ። አንድ ቀን አንዲት ወይዘሮ ቁራሽ እንጀራ ይዛ ወጣች። እጄን ስዘረጋ ዞር ብላ ለውሻዋ ወረወረችለት። ግቢው ሁሉ ሳቀ። አኩፋዳዬን እዚያው ጥዬ ጠፋሁ። ፊደሉን ብቻ ይዤ ወጣሁ፤ የቀረውን ጨርቅ ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ላይ ተማርሁት። ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ስድስት ዓመት አልፏል። ያን ሁሉ ዓመት ኩራት ነው እያልሁ የተሸከምሁት ያን ውሻ ነበር። ለልጆቼም እንደ ውርስ ላሳልፈው ነበር።

በጠዋት ተነስቼ ምላጭ አወጣሁ። ሸሚዜን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ «አይደለንም» የሚለውን ቃል ከነአራት ነጥቡ፣ ክሩን አንድ በአንድ እየነቀልሁ ፈታሁት። ጠንካራ ስፌት ነበር፤ በጥሩ ክር ሰፍቼው ነበርና። ጀርባው ላይ «ለማኞች» የሚለው ብቻ ቀረ።

ቢምረው አይቶ የራሱን አውልቆ ሰጠኝ። «የእኔንም ይፍቱልኝ። ብስክሌት ከማከራይ ይልቅ ይሄ ይመቸኛል።»

ዲሬክተሩ ግን ቀላ። «አቶ ታደገ፣ እኔ እኮ የተማርሁ ሰው ነኝ።»

«እኔም ለዚህ ነው የማፍረው» አልሁት። «ያልተማርሁ ብሆን ኖሮ ይህን ጽፌ አልለብስም ነበር።» ጥቂት አሰበና ሸሚዙን ሰጠኝ።

የአዘና ገበያ ቀን ነበር። ድንቹ፣ ገብሱ፣ ቅቤው፣ የታሰረ የቀርከሃ ጭነት፣ ሁሉም ቦታ ቦታውን ይዟል። መካከል ላይ ብስክሌቴን አቆምሁ፤ ሰው ከበበን። አፌን ከፈትሁ። ልጅ ሳለሁ የኔታ ያስተማሩኝ ዜማ፣ እዚያው ግቢ የጣልሁት፣ ተሰነጣጥቆ ወጣ፦

«በእንተ ስማ ለማርያም!»

በመጀመሪያ የሳቁት ልጆች ናቸው፤ ከዚያ ጎልማሶቹ ተከተሉ። ባለ ሪዝ ሰው፣ ካኪ ለብሶ፣ ብስክሌት ይዞ እንደ ቆሎ ተማሪ ሲለምን ማን አይስቅም? እኔም ባይ እስቅ ነበር። አንዲት ድንች የምትሸጥ ሴት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ መጣች።

«አንተ ሰውዬ፣ ይህን የሚያህል ሪዝ ይዘህ አታፍርም?»

«አፍራለሁ፣ እቴ።»

«ታዲያ ምን ጎደለህ? ብረት ፈረስ አለህ።»

«ጣራ ጎደለኝ። ልጄ የምትማረው ዛፍ ሥር ነው። ዝናብ ከመጣ ትምህርቷ ያበቃል፤ ትምህርቷ ካበቃ ይድሯታል።»

ቢምረው ይህን ለቆመው ሰው ሁሉ በአውንግኛ ደገመው። ሳቁ እየቀነሰ ሄደ።

«ስንት ዓመቷ ነው?» አለች ሴትዮዋ።

«አሥራ ሁለት።»

«እኔ በአሥር ተድሬያለሁ» አለች። ወደ ጆንያዋ ሄዳ የታሰረበትን ገመድ ፈታች፣ ድንቹን መሬት ላይ ዘረገፈችና ገመዱን አንገቴ ላይ ጣለችው። «ጣራ ያለ ገመድ አይቆምም። እንካ።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን መቁጠር አልቻልሁም። አንዱ ሦስት ቀርከሃ፣ ሌላው አንድ ሸክም ሰንበሌጥ፣ አንዲት አሮጊት ሁለት እንቁላል አመጡ። «እንቁላል ለጣራ ምን ይሆናል?» ብል «ለሚወጣበት ሰው ነው» አሉኝ። ያለፈው ቀን ፈረሰኛ ሽማግሌም መጣና ፈረሱን ከነልጓሙ አቆመልን። «እስከ ዳንግላ ተሸክሞ ያድርስና ይመለስ። እርሱ ተራ አይጠይቅም» አለ።

አቶ ዋሴ ከሰው ኋላ በትሩን ተመርኩዞ ሲያይ ቆይቶ ነበር። ሰውን ከፍሎ መጣና ትከሻዬን ያዘ። «አሁን ገባኝ። ና፣ ገጀራ ያዝ።» ጓሮው ከሰዓት በኋላ ግማሹ ተቆረጠ።

አምስተኛውና ስድስተኛው ቀን፦ መልስ

ስንመለስ ፈረሶች በግራና በቀኝ የታሰረ ቀርከሃ እየጎተቱ፣ ፈረሰኞች እየዘፈኑ ቀደሙን። ብስክሌቶቻችን ላይም ሰንበሌጥ ጫንንባቸው፤ እኛ መሪውን ይዘን በእግር ሄድን። ብስክሌት ለምን እንደተሠራ ያን ቀን ገባኝ፤ ጥሩ አህያ ነው፤ ገብስም አይበላም።

ኮሶበር ስንደርስ እትዬ ማንጠግቦሽ በር ላይ ቆመው ጀርባዬን አስነበቡና ጭናቸውን መቱ። «አንተ ጉደኛ! ይህን ያን ዕለት ብትለኝ ምን ነበረበት? እኔ ሌሊቱን ሙሉ ሰላይ ናቸው ብዬ ሳልተኛ አድሬ!» ከዚያ ጎረቤቶቻቸውን ጠሩ። የእርሳቸው ሰፈር ብቻ አራት ፈረስ ጭነት ሣር አወጣ።

አዲስ ቅዳም ላይ ቀኛዝማች ተቆጡኝ። «ስምህን ለልጆቼ አስተምሬ ነበር! አሁን ምን ልበላቸው?»

«ተሳስቶ ነበር ይበሏቸው፣ ጌታዬ።»

«ይህንንስ ከዚያኛው ይልቅ ቢማሩት ይበጃቸዋል» አሉና ለምሰሶ የደረቀ ጥድ ከቤታቸው ጀርባ አስወጡ። «ሙክቴን ግን አልረሳሁም» ብለው ጨመሩ።

ዳንግላ ስንገባ ያ ሹም ጥብጣብ አስወጥሮ ንግግሩን ይዞ ቆሟል። መጀመሪያ ቀርከሃውን አየ። «ቆርቆሮ አልነበረም እንዴ የሚጠበቀው?» አለ። ቀጥሎ ጀርባዬን አየና ንግግሩን አጠፈ። እግዚአብሔር ይስጠው፣ የዚያን ቀን ንግግር አልሰማንም።

ጥሩወርቅ ከጓደኞቿ ጋር ቆማ ነበር። ዞራ ጀርባዬን አየች። በሕዝብ ፊት፣ ባስተማርኋት መሠረት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችው። «ለማኞች።» መሬቱ ቢውጠኝ እወድ ነበር። እርሷ ግን ግንባሯን ቋጥራ እንደገና አየችው።

«አባባ፣ ዓረፍተ ነገሩ አላለቀም እኮ። አራት ነጥቡስ?»

ቢምረው ሊወድቅ እስኪደርስ ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ልጅቱ ትክክል ናትና።

ወላጆች፣ ከአዘናም የመጡ ፈረሰኞች ሁሉ አንድ ላይ ወጥተው ጣራውን በሳምንት አቆሙት። ድንች ሻጯ የሰጠችው ገመድ ዋናው ምሰሶ ላይ ታስሯል፤ ማንም እንዳይፈታው ተናግሬያለሁ። ሣሩ ተከድኖ ባለቀ በአራተኛው ቀን፣ ከቀትር በኋላ፣ እውነተኛው ዝናብ መጣ።

በረንዳዬ ላይ ነበርሁ። የልጁ አባት ጃንጥላ ይዞ ሲያልፍ እንደ ልማዱ ቀና ብሎ ደመናውን አየ። ከዚያ ጆሮውን ወደ ትምህርት ቤቱ አዘነበለ። በዝናቡ ውስጥ ሴቶቹ ልጆች በአንድ ድምፅ ሲያነቡ ይሰማል። ቆመ፤ ጥቂት አዳመጠ። «ደህና ዋልህ፣ ታደገ» አለኝ፤ ስለ ጋብቻው ሳያነሳ ሄደ።

ካኪውን ሸሚዝ ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁት። ቀይ ክር በመርፌው አስገባሁና ከ«ለማኞች» ቀጥሎ አራቱን ነጥብ ሰፋሁ።